ሌላ ሰው የተሸከመልኝ ጥፋት

የማወራው ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ወንድሜ ግማሹን ያውቃል፤ እናቴ ከግማሹም ጥቂቱን። ሙሉውን የምናውቀው እኔና አላህ ብቻ ነን። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም፤ ለእናንተ መናገር የቀለለኝም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ቀለለኝ ማለቴ ግን እንደ ደግ ነገር እንዳይቆጠርልኝ። መጀመሪያ መስማት የሚገባቸው ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ይህን በምጽፍበት ሰዓት ሁለቱም ገና አልሰሙም።

ሀያት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት መርሳ ነው፤ የምሠራውም እዚያው ሀብሩ ወረዳ ውስጥ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል። የታካሚን ካርድ አወጣለሁ፣ እመልሳለሁ፣ እመዘግባለሁ፣ ሪፖርት እሠራለሁ። ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚያየው የእኔን መስኮት ነው።

ጦርነቱ አልፎ ወደ ሥራ ስንመለስ ካርድ ክፍላችን በር አልነበረውም። መደርደሪያው ወድቋል፤ ካርዱ ግቢው ላይ ተበትኖ ዝናብ መትቶታል። ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ዘርግተን፣ ጠጠር ጭነንበት ማድረቅ ያዝን። አንድ የስኳር ሕመምተኛ አባት በየሳምንቱ እየመጡ፣ «ልጄ፣ የኔን አገኘሽልኝ?» ይሉኝ ነበር። አላገኘሁላቸውም። ምን ያህል መድኃኒት ይወስዱ እንደነበር እሳቸውም አያስታውሱም፣ እኛም አናውቅም። እንደ አዲስ ተጀመረላቸው፣ እንደ አዲስም ተጎዱ።

ስለዚህ በክልሉ ያሉ የጤና ተቋማት ሁሉ የታካሚን መረጃ በኮምፒውተር የሚለዋወጡበት ሥርዓት ሊዘረጋ ነው ሲባል፣ ከልቤ ነው ያመንኩበት። ዕቅዱን የሚያዘጋጅ ቡድን ወልድያ ላይ ሲቋቋም ከወረዳችን እኔ ተመረጥኩ። በሳምንት ሁለት ቀን በሚኒባስ ወልድያ እየወጣሁ ከሐኪሞችና ከኮምፒውተር ባለሙያዎች ጋር እቀመጥ ጀመር። የእኔ ድርሻ ማን የማንን መረጃ ማየት ይችላል የሚለውን ደንብ ማርቀቅ ነበር። አዎ፣ ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በቡድኑ ውስጥ ሲስተር የሺ የሚባሉ ነርስ ነበሩ። የጉባ ላፍቶ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ጡረታው የተጠጋ፣ ነጠላቸውን ከጋውናቸው በላይ የሚደርቡ። ወልድያ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች የሚከታተሉት እሳቸው ነበሩ። ብዙ አይናገሩም። አንድ ቀን ግን እኔ የዕቅዱን ረቂቅ እያነበብኩ አቋረጡኝ።

«እኔ ዘንድ ከመርሳና ከሐራ የሚመጡ አሉ» አሉ። «አጠገባቸው ጤና ጣቢያ ጠፍቶ አይደለም። እዚያ የሚያውቃቸው ሰው ስላለ ነው። ይኼ ነገር ከተያያዘ እነዚህ ልጆቼ የት ይደበቁ?»

«አይስጉ ሲስተር» አልኩ። «የማይመለከተው ሰው አይከፍትም። ደንቡ ይከለክላል።»

«ደንቡማ ይከለክል። ሰዉስ?»

ሳቅሁ። ሌሎቹም ሳቁ። ረቂቁ ውስጥ «ሕክምናውን የማይሰጥ ሰው የታካሚውን መረጃ አይከፍትም» የሚል ዐረፍተ ነገር ጨመርኩ። ዛሬም እዚያ አለ። ቃሉ የእኔ ነው።

አሁን ስለ ዘይነብ ልናገር።

ዘይነብ የወንድሜ የጀማል እጮኛ ነበረች። መርሳ ላይ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ግን ሰፈር የሚሰማው። እቤታችን ስትመጣ ገና ከበሩ «እታለም!» ብላ ትጠራኝና እናቴን ጉልበቷን ስማ አጠገቧ ትቀመጣለች። ሕፃናቱ ቀን የሠሩትን እያስመሰለች ስታወራ እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ትስቅ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ኒካው ከአዝመራ በኋላ ሊሆን ተቆርጦ ነበር።

እኔ ደግሞ ከባሌ ተፋትቼ ከእናቴና ከጀማል ጋር የምኖር ሴት ነበርኩ። ልጅ የለኝም። ጀማል ካገባ ሌላ ቤት ይወጣል፤ እናቴም ከሴት ልጅ ቤት የወንድ ልጅ ቤት ይሻለኛል ማለቷ አይቀርም። ይህን አስብ ነበር። ዘይነብን እወዳት ነበር፣ ይህንንም አስብ ነበር። ሁለቱን አብሬ መያዝ የቻልኩት እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ሰው ይችላል።

የዕቅዱ ሙከራ ሲጀመር የወልድያው ተቋምና የእኛ ጤና ጣቢያ ተገናኙ። እዚህም እዚያም የታከመ ሰው አንድ ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥ ያስፈልግ ነበር። የእኛ አገር ስም ይመሳሰላል፤ የአንዱን ከአንዱ መለየት ሥራ ነው። ያን ሥራ እንድሠራ ሁሉን የሚከፍት የይለፍ ቃል ተሰጠኝ። ማየት የነበረብኝ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ ብቻ ነው። ውስጡ አይመለከተኝም።

ከዝርዝሩ መሀል የዘይነብ ስም መጣ። ከነአባቷ፣ ከነአያቷ፣ ከነቀበሌዋ። መርሳ ላይ ካርድ የላትም፤ ወልድያ ላይ አላት።

ለምን ወልድያ? አልኩ በልቤ።

ማንም አላዘዘኝም። ማንም አልገፋፋኝም። እጄ አልሳተም። ከፈትኩት።

ከትምህርት ቤት ዕድሜዋ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረባት። መድኃኒቱ ተስማምቷት፣ ከጣላት ብዙ ዘመን ሆኗል። በየወሩ ወልድያ እየሄደች ትወስዳለች። የመድኃኒቱን ስምና መጠን አነበብኩ። ወደ ታች ወረድኩ። መጨረሻ ላይ ሲስተር የሺ እንዲህ ጽፈዋል፤ «ታካሚዋ ልታገባ ነው። ከኒካው በፊት ለእጮኛዋ በራሷ አንደበት ልትነግረው ወስናለች። እንዴት እንደምትነግረው ተነጋግረናል።»

ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልብ በሉልኝ፣ ሁለት ጊዜ። ልትነግረው እንደሆነ አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም። አውቄ ነው ከአፏ የነጠቅኳት።

ወደ መርሳ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጬ ነበር። ሲሪንቃን አለፍን፤ ማሽላው ቆሟል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ታወራኛለች፣ አልሰማትም። ለወንድሜ የማስብ መስሎኝ ነበር። እህት አይደለሁም? ዝም ብል ቢከፋውስ? እንዲህ እያልኩ የራሴን ጠበቃ ራሴ ቆምኩ። አንድ ጊዜም ግን፣ እሷ ልትነግረው ነውኮ፣ ጥቂት ቀን ብትታገሺ ምን አለበት? ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ጀማል ሱቅ ሄድኩ። የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ይሸጣል። ሰንሰለት በጋዝ እያጠበ ነበር።

«ዘይነብ የሚጥል በሽታ አለባት» አልኩት።

እጁ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«አየሁት።»

«የት?»

«ሥራ ላይ። ከየት አትበለኝ።»

ሰንሰለቱን ጋዙ ውስጥ ተወው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ይተላለፋል?» አለኝ።

የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ። አይተላለፍም ብዬ ሰው ሰብስቤ አስተምሬ አውቃለሁ። መድኃኒቷን የምትወስድ ሴት አግብታ፣ ወልዳ፣ አሳድጋ እንደምትኖር አውቃለሁ። ለወንድሜ ያልኩት ግን ይህ ነው፤ «አይተላለፍም። ልጆች ግን...»

አልጨረስኩትም። ሆን ብዬ ነው ያልጨረስኩት። የቀረውን እሱ ጨረሰው።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሄደው «ነገሩ አልሆነም» አሉ። ምክንያት አልተነገረም። ጀማል ግን ለእናቴ ነግሯት ነበር፤ እናቴ ለእህቷ ነገረች፤ አክስቴ ለማን እንደነገረች አላውቅም። ጥቂት ሳምንት ሳይሞላ የሕፃናቱ ወላጆች ሰሙ። ዘይነብ «ለጊዜው እቤት አረፍ በይ» ተባለች። ለጊዜው የተባለው ሳይመለስ ቀረ።

እሷም ቤተሰቧም ምስጢሩ ከየት እንደወጣ አሰቡ። ከቤታቸው ውጭ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አባቷ ወልድያ ሄደው ሲስተር የሺን ሰው ፊት፣ «ልጄ አምናዎት የነገረችዎትን ገበያ አወጡባት» አሏቸው። ሲስተር አንድም ቃል እንዳልተነፈሱ ማሉ። ማን ይመናቸው? ነገሩ ለአለቆቻቸው ደረሰ፣ ከዚያ ቡድናችን ዘንድ መጣ።

እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ነበርኩ። አንዱ ሐኪም፣ በሙከራው ጊዜ ማን የማንን መረጃ እንደከፈተ ይታይ እንደሆነ ጠየቀ። የኮምፒውተር ባለሙያው፣ «መዝገቡ አለ፤ የሙከራ ስለሆነ ሊጠፋ ነው እንጂ» አለና ወደ እኔ ዞረ። ደንቡ የእኔ ነዋ። «ሀያት፣ እናስቀረው ወይስ ይጥፋ?»

ሲስተር የሺ እያዩኝ ነበር። በዓይናቸው ውስጥ ተስፋ ነበረ። ያ መዝገብ እንደሚያወጣቸው ገብቷቸዋል።

«የሙከራ ነው» አልኩ። «ይጥፋ። እንዲያውም መቆየቱ ለታካሚዎቹ ጥሩ አይደለም።»

ጠፋ። ለታካሚዎቹ ብዬ! የታካሚን ስም ለመሸሸጊያ አዋልኩት።

ሲስተር የሺን ከክትትል ሥራቸው አንስተው ራቅ ያለ ቦታ መደቧቸው። በመጨረሻው ቀን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። ዕቃቸው በአንድ ፌስታል ነው። እጄን ያዙኝና፣ «ልጄ፣ አንቺ እንኳ ታምኚኛለሽ?» አሉኝ።

«አምንዎታለሁ ሲስተር።»

እውነቴን ነበር። ከእኔ በላይ ማን ሊያምናቸው ይችላል?

ዘይነብ ወልድያ መሄድ ተወች። የሚያምኑት ሰው ከከዳ ወዴት ይኬዳል? መድኃኒቷ አለቀ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጤና ጣቢያው በር ላይ ባጃጅ ቆመ። እናቷና ጎረቤቷ ደግፈው አስገቧት። ግራ እጇ በነጠላ ተጠቅልሏል። ገንፎ እያማሰለች ምድጃው ላይ ወድቃ ነበር። የቃጠሎው ሽታ መስኮቴ ድረስ መጣ።

ተረኛው ጤና መኮንን ለሥራው አዲስ ነበር፤ ለአገሩም እንግዳ። «ሌላ ሕመም አለባት?» ብሎ እናቷን ጠየቀ።

«የለባትም፤ ደህና ነበረች» አሉ እናቷ። ልጃቸው በዚህ በሽታ ስም ትዳሯንም ሥራዋንም አጥታለች፤ ደግመው ስሙን መጥራት አልሆነላቸውም። አልፈርድባቸውም።

ያን ጊዜ አልጋው ላይ ጣላት። ለቀቅ አድርጓት ሳትነቃ ደግሞ ጣላት። መኮንኑ ግራ ገባው። ከቃጠሎው ነው? ጭንቅላቷን ተመትታ ነው? ወደ መስኮቴ ጮኸ፤ «ሀያት፣ ካርድ አላት? መድኃኒት ትወስድ ነበር?»

ሙከራው ካበቃ ወዲህ ከወልድያ ጋር ያለው መስመር ተዘግቶ ነበር፤ የመድኃኒቱ ስም ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር። መጠኑም። አፌን ከፍቼ ማለት ብቻ ነው የሚቀረኝ። ካልኩ ግን፣ አንቺ በምን አወቅሽ? ይባላል።

«እኛ ጋ ካርድ የላትም» አልኩ።

ቃሉ ትክክል ነው። እኛ ጋ ካርድ የላትም። እንዲህ ያለ ትክክለኛ ቃል እንዴት ከአፌ ወጣ? ዕቅዱን ስንጽፍ ምሳሌ ብለን ያነሳነው ልክ ይህንን ሰዓት ነበር፤ ታካሚው ራሱን ሳያውቅ ሲመጣ፣ የማያውቀው ሐኪም ፊት ሲወድቅ፣ ሕመሙን የሚናገርለት ሰው ሲጠፋ። እኔ እዚያ ነበርኩ። አውቅ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ሲጥላት ካርድ ክፍሉ ውስጥ ወንበሬን ይዤ ቆሜ ነበር።

በአምቡላንስ ወደ ወልድያ ሲወስዷት እናቷ መንገድ ላይ ተሸንፈው ተናገሩ። ተረፈች። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች ግን እንደተጣበቁ ቀሩ።

ጀማል ይህን ሲሰማ ከእኔ ጋር ማውራት አቆመ። አልተጣላኝም፣ አልሰደበኝም። ሱቁን ዘግቶ ደሴ ገባ፤ ቆይቶ እናቴንም ወሰዳት። ለዒድ ይደውልልኛል፤ ደህና ነሽ? ደህና ነኝ፤ ያበቃል። ከሥራ ስመለስ በሩን የምከፍተው እኔ፣ የምዘጋው እኔ። አንዳንድ ቀን ከካርድ ክፍሉ መስኮት ወዲህ ለማንም አንድ ቃል ሳልናገር ይመሻል። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። የሆነውን ነው የምነግራችሁ።

ዘይነብን ካየኋት ዓመት አልፎ መርሳ ገበያ ላይ ተገናኘን። ማንጎ እየመረጥኩ ነበር። ከኋላዬ «እታለም!» አለች። ያው ድምፅ ነው። ሸሽቼ ብሄድ ደስ ባለኝ፤ ዞሬ ሳምኳት። ግራ እጇን ሻርፗ ውስጥ አድርጋለች። መድኃኒቷን እንደገና እንደጀመረች፣ የጎረቤት ሕፃናት እቤቷ ሰብስባ ፊደል እንደምታስቆጥር ነገረችኝ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለች። ጀማልን ጠየቀችኝ። እናቴንም።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እታለም፣ ላንቺ ልንገርሽ» አለችኝ። «ሲስተር የሺን አውፍ ብያቸዋለሁ። በረመዳን ነው። ቂም ይዤ መጾም ከበደኝ። ሰው ናቸው፣ አምልጧቸው ይሆናል፤ ወላሂ ከልቤ አውፍ ብያቸዋለሁ። ጥሩ አላደረግሁም?»

ማንጎው በእጄ ነበር። ገበያው ሰው ነው፤ ግን እዚያ ቦታ ላይ እኔና እሷ ብቻ የቀረን መሰለኝ። ማንጎውን ወደ ክምሩ መለስኩት።

«ጥሩ አደረግሽ» አልኳት።

ካደረግሁት ሁሉ ይህ የቀለለ ይመስላል፤ ለእኔ ግን የከፋው ይኸኛው ነው። ያላጠፉት ሴትዮ ምሕረት ሲሰጣቸው ያጠፋሁት እኔ ቆሜ መረቅሁ።

በቅርቡ ሥርዓቱ ወደ ሌሎች ጤና ጣቢያዎች ሊሰፋ ነው ተባለና አዳዲስ ሠራተኞችን እንዳሠለጥን ወልድያ ጠሩኝ። ያን የደንቡን ዐረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንዲት ሠልጣኝ እጇን አውጥታ፣ «እስካሁን ይህን ደንብ የጣሰ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ክፉ ሐሳብ የላትም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው።

«የለም» አልኳት።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን አላስታውስም። በዕረፍት ሰዓት ወጥቼ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ይህ ነገር በራሱ እንደማያበቃ፣ እኔ ካልተናገርኩ ዕድሜ ልኬን «የለም» ስል እንደምኖር ገባኝ።

ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ሲስተር የሺን ለመደቧቸው ኃላፊዎች ነው። ካርዱን የከፈትኩት፣ ምስጢሩን ያወጣሁት፣ መዝገቡ እንዲጠፋ ያልኩት እኔ መሆኔን ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ከካርድ ክፍሉ የሚያባርሩኝ ከሆነ ይገባኛል። ደብዳቤው ግን ዘይነብ ሳትሰማ አይሄድም፤ ስለ እሷ የተጻፈ ነገር ዳግመኛ ከእሷ ቀድሞ ሰው ጆሮ አይገባም። ከእሷ ቀጥሎ ሲስተር የሺም ከራሴ አፍ ይሰማሉ።

በሃይማኖታችን አላህ የራሱን ይምራል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አውፍ ካላለ አይወርድም። ስለዚህ እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። ምን አጥፍቼባችሁ?

ለዘይነብ የምነግራትን ስንት ጊዜ ወረቀት ላይ ሞከርኩት። መጀመሪያ «ለወንድሜ አስቤ» የሚል ነበረበት፤ ሰረዝኩት። «ሳላስበው» የሚል ነበረበት፤ እሱንም ሰረዝኩት። «ብቻዬን ቀርቼ ተቀጥቻለሁ» የሚለው ላይ ብዙ ቆየሁ፤ በመጨረሻ ሰረዝኩት። የቀረው ይህ ነው፤

ዘይነብ፣ ካርድሽን ያለ ሥራዬ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ልትነግሪው እንደሆነ እያወቅሁ ቀድሜሽ ለጀማል የነገርኩት እኔ ነኝ። ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ስትወድቂ መድኃኒትሽን እያወቅሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ሲስተር የሺ ምንም አልተናገሩም። አውፍ ያልሽው የማያስፈልጋቸውን ሰው ነው።

አሁን ተነሥቼ ወደ ቤቷ እሄዳለሁ። በሩን ትዝጋብኝ፣ ትጩህብኝ፣ ዝም ትበለኝ፤ የምትለው የእሷ ነው። እንደ ጀማል በግማሽ ትቼ የማስጨርሳት ዐረፍተ ነገር የለኝም።